የተቆረጠው ምንጣፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ አስራ ሦስት ራስ አስተካከልኩ። ከአስረኛው በኋላ ቀኝ እጄ አልነሳ አለ። መቀሱን በግራ ልያዘው ስል ደንበኛው በመስታወት አየኝና ፈገግታው ጠፋ። አይፈረድበትም፣ ጆሮው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ራስ ሳስተካክል የራሴ ትከሻ ተጣመመ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «አጥንትዎ ደህና ነው፤ ጡንቻው ነው። ዮጋ ይሞክሩ» አለኝ። ዮጋ! ከስንቱ ቃል ይቺን መረጠ። ልጄ ከቤት ከወጣች አራት ዓመት፣ በቤታችን ይህን ቃል የሚያነሳ የለም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሄድኩ... ዮጋው ከሰፈራችን ፋርማሲ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ጫማ አውልቁ ተባለ። የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

አስተማሪዋ የልጄ እኩያ ትሆናለች። አስቀድማ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ሆዴ፣ ስለ ምሳዬ ጠየቀችኝ። አዩርቬዳ የሚሉት የጥንት ሕክምና እንዲህ ነው የሚጀምረው አለች። ምሳዬን ቆሜ እንደምበላ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «ነፋስ በዝቶብዎታል ጋሼ። በሰዓቱ፣ ቁጭ ብለው ይብሉ። ከመኝታ በፊት ትከሻዎን ለብ ባለ የሰሊጥ ዘይት ይሹት።» ነፋስ? እኔ ደግሞ እርጅና መስሎኝ።

ከዚያ «ምንጣፍ ካልያዙ ይኸው» ብላ አንድ ጥቅልል ዘረጋችልኝ።

ዳሰስኩት። ጎማ መሳይ፣ ለስላሳ... ሱቅ ከምቆምበት ጋር ውፍረቱ ያው፣ መስመሩ ያው። ቀለሙ ብቻ ሰማያዊ ነው። ትንፋሽ ሳቡ ሲባል እኔ ጠርዙን እዳስስ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ልጻፈው፣ ማንም አያነበው።

ልጄ በመጀመሪያ ደሞዟ አረንጓዴ ጥቅልል ምንጣፍ ገዝታ መጣች። የቢሮ ሥራዬን ትቼ ዮጋ አስተምራለሁ አለች። «ራስ ሳይጠና ጉተና» አልኳት። ሰው ወለል ላይ ተጋድሞ ለመተንፈስ ይከፍላል? ሳቅኩባት። በሳምንቱ ጥቅልሉን ከበሩ ኋላ አገኘሁት። ቀን ሙሉ ለሚቆም እግር ይበጃል ብዬ ግማሹን በምላጭ ቆርጬ ሱቅ ወሰድኩት፤ ከደንበኛው ወንበር ኋላ፣ የምቆምበት ላይ አነጠፍኩት። የቀረውን የት እንዳደረስኩት እንኳ አላውቅም። በክፋት ነበር? ያኔ አይደለም ብዬ ነበር። አሁን እንጃ።

ሱቅ መጣች። አየችው፣ አየችኝ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። በየእሑዱ ለእናቷ ትደውላለች፤ ያን ሰዓት እኔ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ዛሬም ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እጄ ከራሴ በላይ ተነሳ። ምሳዬንም ቁጭ ብዬ እበላለሁ፣ ደንበኛ ይጠብቃል። አንድ ጡረተኛ ሹፌር ደንበኛዬ «ምነው፣ ሚኒስትር ሆንክ እንዴ?» አለኝ።

እንቅልፍ ግን የለም። አስተማሪዋ «የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ ጋሼ?» አለች። «ኧረ የለም» አልኩ። በጀርባዬ ተጋድሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዋሸሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ባለቤቴ የደበቅኩትን የሰሊጥ ዘይት አገኘችው። ሁሉንም ነገርኳት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችኝ። ከዚያ ትከሻዬን ራሷ አሸችው። «እሑድ ስትደውል እንዳትወጣ።»

እሑድ፣ ኅዳር 15

አልወጣሁም። ስልኩን ከባለቤቴ ስቀበል ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ትከሻዬ ተሻለው» አልኩ። እንዲህ ያለ ይቅርታ አለ? «ዮጋ ጀመርኩ» አልኩ ደግሞ። «አባዬ?» አለች።

«ምንጣፍሽን ቆርጬ... አጥፍቻለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ። አዲስ እገዛልሻለሁ።»

«አትግዛ። የቀረው ግማሽ እኔ ጋ ነው። ይዤው ነው የወጣሁት።»

«ታዲያ በምን ትሠሪያለሽ?»

«በሱው። ስጋደም እግሬ ሲሚንቶ ላይ ይቀራል እንጂ ምንም አይል።»

አራት ዓመት ሙሉ የልጄ እግር ሲሚንቶ ላይ፣ የእኔ ምንጣፏ ላይ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

በጠዋት ምንጣፉን ከወንበሩ ኋላ አነሳሁት። በሳሙና አጠብኩት፤ ፀጉሩ ወጣለት። መሃሉ ላይ እግሬ የቆመበት ሰርጉዷል፣ እሱ አይለቅም። ቅዳሜ ሱቅ ዘግቼ እወስድላታለሁ። ና አላለችኝም። አትምጣም አላለችኝም።

ዘጠኝ ራስ ሠራሁ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ። ይቀዘቅዛል ለካ።