የኤጎንን ስም የጠራሁበት ቀን

ሃለ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ሰኞ ማርች 4፣ 1974
ዝናብ። ሚስቴ ጉድሩን ያሰጣችው አንሶላ ላይ የከሰል ጥላሸት ወረደበት፤ ስትራገም ዋለች። እኔ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጻፍኩ። አሥራ አንደኛ መጽሐፌ! ገዳዩ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው... የእንፋሎት ማፍያው፣ የቦይለሩ፣ መዝጊያ መበላሸቱን እያወቀ ሠራተኛውን አስገብቶ አስፈጀው፤ ከዚያ "ሰክሮ ነበር" አለ። ታሪኩን ያገኘሁት ከጓደኛዬ ከኤጎን ነው። ዓሣ ስናጠምድ አጫወተኝ። እውነተኛው መዝገብ በእጁ አልፏል፤ ፖሊስ መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው። "ስምና ከተማ ብቻ ቀይርበት" አለኝ። ቀየርኩ።

ረቡዕ ማርች 13
አሳታሚው ቤት ጠራኝ። አርታኢዬ ወይዘሮ ሮስቪታ ብቻዋን አልነበረችም። ካፖርቱን ያላወለቀ ሰው አብሯት ተቀምጧል።
"ጓድ፣ የእኛ ሥራ አስኪያጅ ሰው ይገድላል?" አለ ሰውየው።
"ልብ ወለድ እኮ ነው..."
"ልብ ወለድ ከሆነማ ምን ቸገረዎት? ገዳዩ ከምዕራብ ጀርመን የመጣ ሰላይ ይሁን።"
እሺ አልኩ። ሳላቅማማ!
"የመዝጊያውን ነገር ግን ማን ነገረዎት?"
የጽሑፉን ገጾች አስተካከልኩ።
"አሥራ ሁለተኛ መጽሐፍ እንዲኖርዎት አይፈልጉም?"
ሮስቪታ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።
ኤጎን አልኩ። ከነአባቱ ስም። የመታኝ የለም፤ የጮኸብኝ እንኳ የለም።

ሐሙስ ማርች 14
ለጉድሩን አልነገርኳትም።

ዓርብ ማርች 29
ጉድሩን ከገበያ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። የኤጎንን ሚስት አግኝታት ነው።
"አባረሩት! አሁን ከሰል ጫኝ ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ! የትኛው ከንቱ ይሆን ያሳበቀበት?"
ሾርባዬን ጠጣሁ። ጨርሼ ጠጣሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ ኦክቶበር 12
መጽሐፉ ወጣ። በባህል አዳራሹ አነበብኩ፤ ሰላዩ ሲያዝ ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ሰው ለፊርማ ተሰለፈ። ቀና ሳልል "ለማን ልበል?" አልኩ።
"ስሜ ጠፋህ እንዴ? ያኔ ሳትንተባተብ ተናግረኸው የለ!"
ኤጎን። ጥፍሮቹ ሥር ከሰል...
"ማን ነገረህ?" አልኩት። እንዲህ ብሎ መጠየቅ!
"ማን ይነግረኛል? እኔ ላንተ ብቻ ነዋ የነገርኩት።"
መጽሐፉን ሳያስፈርም ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

እሑድ ኦክቶበር 13
ለጉድሩን ነገርኳት። "የዚያን ቀን ፊቴ ቁጭ ብለህ ሾርባህን ጠጣህ" ብቻ አለች። ልብሷን ሸክፋ እህቷ ዘንድ ሄደች።

ማክሰኞ ኖቬምበር 5
የአሥራ ሁለተኛውን መጽሐፍ ውል ላኩልኝ። ወደ አሳታሚው ቤት ይዤው ሄድኩና "አልጽፍም" አልኩ። በመጨረሻ ቃሉ ወጣልኝ! ያ ባለካፖርት ሰው ግን በሩ አጠገብ ቆሟል። ሮስቪታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አሞኛል ይበሉ፤ ለእርስዎም ለእኔም ይሻላል" አለችኝ።
ሰውየው ጠጋ አለ። "ምን ሆኑ ጓድ? አሞዎታል?"
ለአንዴ እንኳ እውነቱን ብናገር... ለአንዴ...
"አዎ፣ አሞኛል" አልኩ።
ሐኪም እንዲያየኝ ወረቀት ጻፉልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ።