ጨው ከስሎ አያውቅም

ጥቅምት 7፣ ከት/ቤት መልስ
ዛሬም ኩባያው እንደሞላ ጠበቀኝ። አማቴ አደይ ምሕረት ሊገድሉኝ ነው፣ ደብተሬ። ተቅማጡ አቅማቸውን ጨርሶታል። ሐኪሙ ስኳር በውሃ ይጠጡ ብሏል። እምቢ። ምክንያት? ስእለት። ጣልያን ለጦርነት የወሰደው ልጃቸው ኃይሉ እስኪመለስ ጨው ላይቀምሱ ተስለዋል። ስኳር ደግሞ በእሳቸው ቤት ጨው ነው፤ የሚጣፍጥ ጨው።

ጥቅምት 8
ባለቤቴ ለተብርሃን ስታለቅስ ዋለች። የንስሐ አባታቸው መጡ፤ ስእለቱን ልፍታልዎ አሉ። አደይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እኔ አስተማሪው ገባሁበት። ጨው ማዕድን ነው፣ ከመሬት ይቆፈራል፤ ስኳር ግን ከሸንኮራ ተጨምቆ የደረቀ የተክል ጭማቂ ነው አልኩ። መቐለ ተወልደው፣ ጨው የጫነ ግመል እያዩ ያረጁ ሴት! ባላቸውም ነፍሳቸውን ይማርና ዕድሜያቸውን ከአፋር ጨው ሲያመላልሱ ነው የኖሩት። ስለ ጨው እኔን ልታስተምር ነው ወይ አሉኝ። ስኳርህም ነጭ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ውሃ ውስጥ ይጠፋል፣ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል። ምን ጎደለው? ተናድጄ ወጣሁ። ዓይናቸው ጎድጉዷል። ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 9፣ ጠዋት
ስኳሩን የሸጠልኝ የወሎው ሰይድ ጋ ሄድኩ፤ መጥተህ ስለ ሸንኮራው መስክርልኝ ልለው። ነጋዴ ለገዛ ሸቀጡ ቢመሰክር ማን ያምነዋል ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ስመለስ ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር መጣልኝ። ተክል ሲቃጠል ይከስላል። ድንጋይ አይከስልም።

እዚያው ዕለት፣ 9 ሰዓት
ተገላገልን። ገል ፍም ላይ ጣድኩ። በአንድ ጎን ጨው፣ በሌላው ስኳር። አደይ በክንዳቸው ተደግፈው አዩ። ጨው ተንጣጣ፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ስኳሩ ቀለጠ፣ ቀላ፣ ጨሰ፣ ጠቆረ። ቤቱ ያረረ ማር ሸተተ። ሲበርድ ጥቁሩን በጣታቸው አሹት።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ጨው ከስሎ አያውቅም» አሉኝ።

ኩባያውን ራሳቸው ጠየቁ። ጨለጡት። ለተብርሃን እልል ልትል ብላ አፏን ያዘች። እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይ። ተመስገን።

ጥቅምት 12
ዛሬ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። ሐኪሙም ከእንግዲህ አትስጉ አለ። ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ፣ በጣም።

ስእለቱ ግን ስእለት ነው። ወጣቸው ያለ ጨው ለብቻ ይሠራል፤ ለብቻቸው ይበላሉ። ማዕዘን ላይ ጎንበስ ብለው ሲጎርሱ አየኋቸው። ለተብርሃንን ጠራኋት። ከዛሬ ጀምሮ ድስታችን አንድ ይሁን፣ ጨው እንዳታገቢበት አልኳት። ኃይሉ መጥቶ ጨው የታለ እስኪለን ድረስ።