ታማኝ ግብር ከፋይ

የካቲት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሮብሳን፣ አካም ጂርታ? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ሱቁም እየሠራ ነው።

ትናንት አደባባያችን ላይ ባለቀለም መብራት ፏፏቴ ተመረቀ። እኔንም «ታማኝ ግብር ከፋይ» ብለው መድረክ ላይ አውጥተው ሰርተፊኬት ሰጡኝ። በየሐምሌው ተሰልፌ የምከፍለው ለዚህ ነው እንዴ? የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ቧንቧ ከደረቀ ዓመት አለፈው፤ ወላድ ውሃዋን በጀሪካን ይዛ ነው የምትገባው። ይህንኑ በማይክ ስናገር ሹሙ «አዴ ወርቂቱ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው!» ብሎ ማይኩን ነጠቀኝና አስጨበጨበ። አምቡላንሱ ደግሞ የእንግዶች ወንበር ሲያመላልስ ዋለ።

ልጄ ኡርጂ ሰላም ብላሃለች፤ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ጣቷ ስላበጠ ቀለበቷን በሳሙና አውልቀን እኔ ጋ አስቀምጫለሁ። ራሴን አመመኝ ትላለች፤ ፀሐዩ ይሆናል። ጎረቤታችን ኦቦ አመዩም አምቦ የሚመላለስበትን ሚኒባስ ሰሞኑን እኛ ግቢ እንዲያሳድር ለምኜዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ጀሪካን ይዤ ፏፏቴው ጋ ሄድኩ። ዘበኛው «መቅዳት ክልክል ነው!» ሲለኝ ሰርተፊኬቱን አውጥቼ አሳየሁትና ሁለቱንም ሞላሁ። አሁን በሩ ሥር ቆመዋል።

ኪዳነ ምሕረት ባለህበት ትጠብቅህ፤ ስልክህን ግን ሰሞኑን እንዳታጠፋ።

እህትህ ወርቂቱ