ልብስ ሰፊው ለሽያጭ አልቀረበም

ለተከበሩ የአካባቢያችን የንግድ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሰማያዊ ሽፋን ያለው አንድ ደብተር እንዲመለስልኝ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ በምድር ቤታችን በር ላይ እንዳስለጠፉት የእሽግ ወረቀት የጸና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እሽጉ ሰባት ወር ሙሉ እርጥበቱንም፣ መወልወያውንም፣ የእኔንም ዕንባ ችሎ አንዲት ጥጉ እንኳን ሳትነሣ እንዳለ ስላለ፣ ከዚህ የበለጠ የጤና ምኞት አላገኘሁም። ቤተሰብዎም ደኅና እንዲሆኑ፣ የሚቀመጡበትም ወንበር እንዲመችዎ እመኛለሁ። የእኛ ወንበሮች እርስ በርሳቸው እንደማይመሳሰሉ ተቆጣጣሪዎ በሪፖርቱ ስለመዘገበ፣ የእርስዎ ወንበር ከጎረቤቱ ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎት። በጫማ ጠጋኙና በዳቦ ቤቱ መካከል ያለችው ባለ ዘጠኝ ጠረጴዛ ምግብ ቤት አብሳይ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ የወይኑ ሰው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወይን ጠጅ ማከፋፈያ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ በየደረሰበት እየቀመሰ የተማረ ነው፤ ይቀምስ የነበረውም መኪናውን ለአዳር ካቆመ በኋላ እንደነበረ ለቁጥጥር ክፍልዎ ከወዲሁ አረጋግጣለሁ። ቤታችን የትልልቅ ሰዎች ቤት አይደለም። ሰው በነጠላ ጫማ ይገባል፤ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ይቀመጣል፤ አስተናጋጅ መጥቶ ሳህን የሚያነሣበት፣ ቶሎ ብላና ውጣ የሚባልበት ቤት አይደለም። ምድር ቤታችን ውስጥ ግን ከየሆቴሉ ለማየት የመጡ ሰዎች አፋቸውን ይዘው የሚመለሱበት መቶ ስድሳ ሁለት ዓይነት ወይን አለ። ቁልፉ እኔ ዘንድ፣ እሽጉ እርስዎ ዘንድ ነው።

የወይን ዝርዝራችን የታተመ አይደለም። ባለቤቴ በካሬ ካሬ የተማሪ ደብተር ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ነው፤ ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፤ አንድ ጥጉ ላይ ያለው የሾርባ ነጠብጣብ የእኔ ጥፋት ነው። ዋጋው ግድግዳው ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ደብተሩ ላይ ዋጋ የለም። በምትኩ ባለቤቴ በየወይኑ አጠገብ ከየት እንደመጣና በየትኛው ዓመት እንደተጠመቀ ይጽፍና፣ ከዚያ ቀጥሎ ለማን እንደሚስማማ ያክልበታል። ለምሳሌ ከኮረብታው የመጣው ቀይ አጠገብ፣ “ለልብስ ሰፊው፤ ከሚስቱ ጋር የተጣላ ቀን። ሁለተኛ ብርጭቆ አይሰጠው፤ ይቅርታ ሲጠይቅ ምላሱ እንዳይተሳሰር” ይላል። ከነጮቹ አንዱ አጠገብ ደግሞ፣ “ለአዋላጇ፤ ሕፃኑ በሰላም የመጣ ቀን። ያልመጣ ቀን ምንም አትጠይቋት፤ ሾርባ ብቻ” ይላል። ዝርዝሩ እንዲህ ነው። ሌላ ቅጂም የለውም።

አሁን ምስጋናዬንና ቅሬታዎቼን በቁጥር አስፍሬ ላቅርብ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንደማይቀበል መዝገብ ቤቱ ሁለት ጊዜ መልሶ አስተምሮኛልና።

፩ኛ/ ስለ ተቆጣጣሪዎ ትጋት ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ለምሳ የመጣ እንግዳ መስሎኝ ዓሣ አቀረብኩለት፤ ዓሣውን በልቶ ሲያበቃ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ከባለቤቴ በቀር ያን ያህል የታገሠ አንባቢ ገጥሞት አያውቅም። ሲጨርስም የሚከተለውን ጻፈ፦ “በወይን ጠጅ ዝርዝሩ ላይ ሃያ ስድስት ሰዎች ተመዝግበው ተገኝተዋል። ሰዎቹ ለሽያጭ የቀረቡ መሆን አለመሆናቸው ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ዝርዝሩ በማስረጃነት እንዲያዝ፣ ምድር ቤቱም እንዲታሸግ።” እውነቱን ልናገርና፣ ሳነበው ከት ብዬ ሳቅሁ። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ሲከተው ግን ሳቄን ትቼ እስከ በሩ ድረስ ተከተልኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የጽሕፈት ቤትዎን ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። ልብስ ሰፊው በደብዳቤ ተጠርቶ ቀረበ፤ ለመጠጥ የተዘጋጀ ቅጽ እንጂ ለሰው የተዘጋጀ ስላልነበረ በዚያው በመጠጡ ቅጽ ላይ ተመዘገበ። የመጣበትን ስፍራ ተናገረ፤ የተመረተበትን ዓመትም በትክክል ተናገረ። ይዘቱ በሊትር ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ተቆጥቶ ወጥቷል፤ እስከ ዛሬም እንደተቆጣ ነው። ሚስቱ በበኩሏ ለሽያጭ ቀርቦ ከነበረ በመጀመሪያ ለእሷ ሊነገራት ይገባ እንደነበር አሳስባለች። እኔም እዚህ ላይ በአደባባይ አረጋግጣለሁ፤ ልብስ ሰፊው ለሽያጭ አልቀረበም፤ አዋላጇም አልቀረበችም፤ ከሃያ ስድስቱ አንዱም አልቀረበም።

፪ኛ/ ምድር ቤቱ እንዲከፈት ማመልከቻ ባስገባ፣ ከማመልከቻው ጋር የወይን ዝርዝሩን እንዳታያይዢ ማን ከለከለሽ ተባልኩ። ዝርዝሩ እናንተው ዘንድ ነው አልኩ። እንግዲያው ግልባጭ አምጪ ተባልኩ። ግልባጩን ከደብተሩ ላንሣ ስል፣ ማስረጃ የሆነ ነገር መዝገቡ ሳይዘጋ እንደማይገለበጥ ተነገረኝ። መዝገቡ መቼ ይዘጋል ብዬ ስጠይቅ፣ ዝርዝሩን ያያያዝሽ ዕለት አሉኝ። የመዝገብ ቤቱ አዛውንት ይህን ሦስት ጊዜ በትዕግሥት አስረዱኝ፤ በሦስተኛው ላይ ለራሳቸውም ግራ ገባቸውና፣ ቁጭ በይ ልጄ ብለው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁልኝ። በጽሕፈት ቤትዎ በሰባት ወር ያገኘሁት አንድ ነገር ቢኖር ያ ወንበር ነውና ስለ እሱ አመሰግናለሁ።

የምድር ቤቱ ማቀዝቀዣ ጠፍቶ፣ ማብሪያውም ከታሸገው በር ወዲያ ስለሆነ፣ በዚህ ሙቀት ወይኑ ወደ ኮምጣጤ እየሄደ መሆኑንም በጽሑፍ አመልክቼ ነበር። ኮምጣጤ ለማምረት የተለየ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ገልጸው ቅጹን አያይዘው ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫ኛ/ ሦስተኛውን በአክብሮት ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝምና፣ ይቅርታዎን ጠይቄ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። እግሩ ተመልሷል፣ እጁም ተመልሷል፤ ሰው ግን ጠፋበት። ፊት አይቶ የማን እንደሆነ መለየት አቃተው። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ እኔም ልቆርጥ ጥቂት ነበር የቀረኝ። አንድ ቀን ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጥቼ ስመለስ እያነበበው አገኘሁት። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ሲገባ ባለቤቴ ደብተሩን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ደብተሩን ደግሞ አየና፣ “ሚስትህ ታረቀችህ?” አለው። ልብስ ሰፊው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ደብተሩን ከፊቱ አኖርለት ነበር፤ ያነባል፣ ሰው ሲገባ ከጽሑፉ ጋር ያስተያያል፣ እናም ለአንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ለሁለት ሰዓት፣ ባሌ ተመልሶ ይመጣልኝ ነበር። እርስዎ በማስረጃነት የያዙት ነገር ይህ ነው።

ተመሳሳይ ደብተር ገዝቼ የማስታውሰውን ሁሉ በእጄ ጽፌለት እንደነበር ይወቁልኝ። ገለጥ ገለጥ አደረገው፣ በትሕትና ዘጋው፣ የእሱ ጽሕፈት እንዳልሆነ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ አንድ በአንድ ከትዝታው ሄዱበት። መጀመሪያ አዋላጇ ሄደች። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው። ባለፈው ማክሰኞ ምሳውን ሳቀርብለት ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ የቤቱ ባለቤት ስትመጣ ምስጋናውን እንዳደርስለት እኔኑ ለመነኝ፤ ሾርባው የሚስቱን ሾርባ እንደሚያስታውሰውም ጨመረልኝ። ምን ልበለው? እነግራታለሁ አልኩት። ወጥ ቤት ገብቼ ውኃውን ለቀቅሁና የታጠበውን ድስት መልሼ አጠብሁ።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የእኔ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የጻፈው እኔን ነው፦ “ለእሷ፤ የመጨረሻው ሳህን ከወጣ በኋላ። እምቢ ትላለች። ሁለት ጊዜ ጠይቃት።” ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። አሁን አንድ ጊዜም የሚጠይቀኝ የለም።

፬ኛ/ አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስለ ወንበሮቹ ይመስለኛል። ይቅር፤ ወንበሮቹ አይመሳሰሉም፤ ትክክል ናችሁ።

ይህን ሁሉ በጋዜጣ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ማስታወቂያ ደረሰኝ፤ መዝገባቸው በወቅቱ ያልተዘጋ ማስረጃዎች ከዛሬ አሥራ አንድ ቀን በኋላ እንደሚወገዱ ይገልጻል። “እንደሚወገዱ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ የመዝገብ ቤቱን አዛውንት ጠየቅኋቸው። እኒያ ደግ ሰው በግቢው ጓሮ ወዳለው የቆሻሻ ማቃጠያ ተመለከቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም አላውቅም፤ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኝ በየቢሮው ደጅ ስጠና ሰንብቻለሁ፤ እርስዎን ለማግኘት አምስት ጊዜ ብመጣም አምስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጋዜጣ ግን ስብሰባ ላይም እንደሚነበብ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ክርክሬን ሁሉ አነሣለሁ። ወይኑን ውሰዱት፤ መቶ ስድሳ ሁለቱንም። ምድር ቤቱን በግንብ ድፈኑት፤ ድንጋዩን እኔ አቀብላለሁ። ፈቃዱንም መልሼ አስረክባለሁ፤ ሾርባና ዳቦ እየሸጥኩ እኖራለሁ። ደብተሩ ላይ የሰፈሩት ሃያ ስድስት ሰዎች ጥፋት ናቸው ከተባለም ጥፋቱን በፊርማዬ እቀበላለሁ። ደብተሩን ብቻ ስጡኝ። መስጠት ክልክል ከሆነ እኔ በዚያች በተለቀቀችልኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ላንብበው። ያም ክልክል ከሆነ ባለቤቴን ይዤው ልምጣ፤ ጸጥተኛ ሰው ነው፤ በመዝገብ ቤታችሁ ጥግ ተቀምጦ በቀን አንድ ገጽ ቢያነብ ማንንም አያስቸግርም። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ቢያነብ እንኳን ይበቃኛል።

የክቡርነትዎ መልካም ፈቃድ እስኪደርሰኝ ድረስ በየቀኑ ከቢሮው መክፈቻ ሰዓት ጀምሮ በደጅዎ ላይ እንደምገኝ፣ ስለሰጡኝም የሰባት ወር የትዕግሥት ትምህርት ዕድሜ ልኬን ባለዕዳ እንደምሆን እየገለጽኩ፣ ከእርስዎና ከማኅተምዎ ፊት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣ ማመልከቻዋ ያልተሟላው፣
የባለ ዘጠኝ ጠረጴዛዋ ቤት አብሳይ

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊው (ይዘቱ በሊትር ላልታወቀው)
ለባለቤቴ (የማን ደብዳቤ እንደሆነ ባያውቅም)

ሳልጽፈው የረሳሁት፦ ደብተሩ ከመቃጠሉ በፊት ሠላሳ አራተኛውን ገጽ ይግለጡልኝ። ከሃያ ስድስቱ ሰዎች መካከል “በመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጠው” ከሚል በቀር ማንነቱ ያልተገለጸ አንድ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ስላልታወቀ ለምርመራ አልተጠራም። ጽሕፈት ቤትዎ አይድከም፤ እርስዎ ነዎት። ከተሾሙ ወዲህ ብቅ ብለው ስለማያውቁ ረስተውት ይሆናል እንጂ፣ እናትዎን የቀበሩ ሰሞን ሦስት ወር ሙሉ ምሳዎን እዚያች ጠረጴዛ ላይ ብቻዎን ይበሉ ነበር። ባለቤቴ እንዲህ ብሎ ጽፎልዎታል፦ “ጠቆር ያለው ቀይ። ስለ ሥራው አትጠይቁት። ከፊት ለፊቱ ሰው አታስቀምጡ፤ ወንበሩን ግን አታንሡት።” ዛሬም ድረስ ቤቱ ሞልቶ ሰው ቆሞ ቢጠብቅ እንኳን ያቺን ጠረጴዛ ለማንም አይሰጥም፤ የሚመጣ ሰው አለ ይላል። ማን እንደሆነ ግን ጠፍቶበታል። እኔም አልነገርኩትም።