የበሩ ቁልፍ ነገር

ዚነት፣
ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ። እኔ እማማ ሳዶን ለምኜ ልመልሳት ሐርላ፣ ልጇ ዘንድ ሄጃለሁ።

ሌባ ከገባብን ወዲህ በሩ ይቆለፍ ብለሽ አላስቀምጥ አልሽኝ። ፈርተሽ ነው፤ እኔም ፈርቻለሁ። ግን ሥራ ስንውል ከጋናችን ውሃ እየጠጣች ቤቱን የምትጠብቅልን እሷ አልነበረችም እንዴ? ሌባው እንኳ የገባው እሷ ለቅሶ የሄደች ቀን ነው።

ቁልፉን ስታይ የጠረጠርናት መሰላት። ትናንት ከገበያ ስትመለስ ጠርቼ ውሃ ብቀዳላት፣ ከንፈሯ ደርቆ "አልጠማኝም" አለችኝ። ዛሬ ጓዟን ጠቅልላ ሄደች።

ሰፈር የሚጠብቁት ነጭ ለባሾች ሌባውን ሳይዙ እኛ ጎረቤታችንን አባረርን።

ጋኑን ሞልቼዋለሁ። ቁልፉን አንስቻለሁ፤ አትመልሺው አቦ። እሺ ብላኝ ብትመጣ፣ በሩን ተዘግቶ እንዳታገኘው።

ትርንጎ