በሰባተኛው ገጽ ላይ ለተገኘው ማስጠንቀቂያ የቀረበ ምስጋና

ለተከበራችሁ የድኅረ ምርት ዕውቀት ማስረጫ ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች፣
ባላችሁበት

እንደምን ከርማችኋል? ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር የምንኖር ገበሬዎች፣ ከአንዲት ጎረቤታችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ለእናንተም እናንተ ለእኛ ካሰባችሁልን እጅግ የበለጠ ጤና እንመኛለን።

እኔ ባለወፍጮው እጅጉ ንብረት ይህን የምጽፈው ስለ ነቀዝ ክኒን ላደላችሁን ባለስምንት ገጽ መመሪያ ምስጋና ለማቅረብ ነው።

፩ኛ. በመጀመሪያው ገጽ የኃላፊውን ፎቶግራፍ፣ በሁለተኛው መልእክታቸውን፣ በሦስተኛው የነቀዝን የላቲን ስም ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን። በቆሏችንን ሲፈጭብን የኖረውን ፍጥረት እስከ ዛሬ በሙሉ ስሙ ሳንጠራው መኖራችን ያሳፍረናል።

፪ኛ. ጎረቤታችን ሀብትነሽ ክኒኑን በምትተኛበት ክፍል ካስቀመጠችው በቆሎ ውስጥ ጨምራ ከሁለት ልጆቿ ጋር አደረች። ጧት በሩን ሰብረን ሦስቱንም ራሳቸውን እንደሳቱ አወጣናቸው። ልጆቹ ድነዋል፤ እሷ ግን እስካሁን ከሆስፒታል አልወጣችም። መመሪያው አስጠንቅቆን እንደሆነ ለማወቅ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ዘንድ ወሰድነው። እሳቸውም ከሰንበቴ በኋላ ተቀምጠው አንድም እያሉ ሲተረጉሙ ውለው፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ «የጋዝ ልቀቱ በመኖሪያ ምኅዳር ላይ የሚያሳድረው አሉታዊ ተጽዕኖ ታሳቢ ይደረግ» የሚል አገኙ። አንድም ቤት ይጠረግ፣ አንድም መንግሥት ያስብበት፣ አንድም ሰው ይሞታል ማለት ነው አሉን። በዕድሜያቸው ሙሉ ቅኔ ሲፈቱ እንዲህ ደክመው እንደማያውቁም ነግረውናል።

፫ኛ. እኔ ደፋሩ በወፍጮ ቤቴ በር ላይ «ይህ ክኒን ሰው ይገድላል። ሰው በሚያድርበት ቤት አታግቡት» ብዬ በከሰል ጻፍኩ። እናንተም ጽሑፉ ሙያዊ ደረጃውን ስላልጠበቀ በአስቸኳይ እንዳጠፋው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ላካችሁልኝ። ደብዳቤው አንድ መስመር ብቻ ስለነበር ለሁላችንም ባንዴ ገባን፤ ስትቆጡ እንዴት ጥርት አድርጋችሁ እንደምትጽፉ በማየታችን ደስ ብሎናል።

ስለዚህ ቀጣዩን መመሪያ ከማሳተማችሁ በፊት በገበያ ማግስት ወደ ወፍጮ ቤቴ ብቅ ብላችሁ ወረፋ ለሚጠብቁት ሴቶች እንድታነቡላቸው በትሕትና እጋብዛለሁ። ያልገባቸውን ይነግሯችኋል፤ እናንተም እዚያው ታርሙታላችሁ። ሳይንሱ የእናንተ ነው፣ አንነካባችሁም። የተናደድነው ልጆች ስላሉን ነው።

ትእዛዛችሁን በታላቅ አክብሮት ያነበብኩና የበሩን ጽሑፍ ያላጠፋሁ፣
እጅጉ ንብረት

ሳልጨምር የማላልፈው፦ አደጋው የደረሰው ሴትዮዋ ማንበብ ስለማትችል ነው ማለታችሁን ሰማሁ። ሀብትነሽ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። መመሪያችሁን ከዳር እስከ ዳር አንብባው፣ ከስምንቱ ገጽ በደንብ የገባት «አየር እንዳያስገባ ተደርጎ ይታሸግ» የሚለው ብቻ ስለነበር፣ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ የመስኮቱን ስንጥቅ በነጠላዋ የደፈነችው ራሷ ናት።