ለአባትህ መኪና የላክኸው ቴፕ

አሰላሙ አለይኩም ልጄ አብዱልናስር፣ አላህ እዚያ ጅዳ ከክፉ ይጠብቅህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ እህትህ ሰኪናም በሰላም ተገላግላለች።

ለአባትህ የጭነት መኪና የላክኸው ቴፕ ደርሷል፤ እኔን ግን ግራ ገብቶኛል። አባትህ ራሱ መኪናውን ጉርድ ሾላ ኤሌትሪክ ሠሪው ዘንድ ወስዶ፣ ሰውዬው ከመሪው አጠገብ ያለውን የፊት ሰሌዳ፣ ክሩስኮቱን፣ ሊቆርጥ መጋዝ ሲያነሳ «ኦርጅናሉ አይነካም!» ብሎ እጁን ያዘው። ሄጄ ባየው፣ የሚቆረጠው ቦታ ላይ ያለው፣ ልጅ ሆነህ በሚስማር የጫርኸው ስምህ ነው። ያኔ መኪናዬን አበላሸ ብሎ አልገረፈህም? እኔ አይደለሁም ያስጣልኩህ? ዛሬ «ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ነው» ይለኛል! ቴፑንም ጨርቅ አልብሶ ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦ አሰብ ደርሶ ይመለሳል እንጂ አያስገጥመውም።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። እባክህ ልጄ፣ የት እንደሚገጠም አንተው መጥተህ አሳየው።

እናትህ ሐሚዳ